የማይድነው ሳይነስ እና የላይኛው መንጋጋ ጥርስ

(በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በወርኃዊ የዕድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን። መዋጮውን ከፍላችሁ ወዲያው ልትወጡ የነበራችሁትን በሩ ላይ ቆመው ያስቀሩልኝን ወጣቶች አመሰግናለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እቤታችሁ «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ወላጅ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ ከግማሽ በላይ ነው። አውርዱ። አሁን ደግሞ የእኒያን ወላጅ አፍ አስከፍቶ፣ የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ በባትሪ ያየ እጁን ያውጣ። ... ማንም የለም? አንድ፤ እርስዎም እጅዎን እያወጡ እያመነቱ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ለዓመታት የሚመላለስ፣ ኪኒን ሲወሰድ ሻል የሚል፣ ኪኒኑ ሲያልቅ የሚያገረሽ የጉንጭ ሳይነስ መነሻው ጥርስ ሊሆን ይችላል። ጥናቶች በቁጥሩ አይስማሙም፤ ከ100 የጉንጭ ሳይነስ ሕመምተኛ ከ10 እስከ 40 የሚሆነው ከጥርስ የመጣበት ነው ይላሉ። ሕመሙ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ድርሻው ከዚያም ከፍ ይላል። ታዲያ ለምን አይታወቅም? የአፍንጫ ሐኪሙ አፍንጫ ያያል፣ የጥርስ ሐኪሙ ጥርስ ያያል፤ ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ቢሠሩ እንኳ የሚያገናኛቸው ካርዱን ይዞ ከመስኮት መስኮት የሚሮጠው ልጅ ነው። ስለዚህ ንግግሬ ከወላጆች ይልቅ ለእናንተ ለልጆች ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ጣታችሁን ከዓይናችሁ በታች ጉንጫችሁ አጥንት ላይ አድርጉ። አዎ፣ እዚያ ላይ። ከዚያ አጥንት ኋላ፣ በግራም በቀኝም፣ አየር ያለበት ባዶ ክፍል አለ። በአዋቂ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ግንባር ላይም፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልም፣ ወደ ኋላም ሌሎች አሉ፤ ትልቁ ግን ይህ የጉንጩ ነው። ውስጡ በስስ ሽፋን ተለብጧል። ሽፋኑ እርጥበት ያመነጫል፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ደግሞ እርጥበቱን እየገፉ ወደ አፍንጫ ያስወጡታል።

ጣጣው መውጫው ላይ ነው። መውጫው ከታች አይደለም፤ ከላይ፣ ጣሪያው ሥር ነው። የቤታችሁ ሮቶ ቧንቧው ከግርጌው ሳይሆን ከአናቱ ቢበሳ ምን ይሆናል? ውኃው በራሱ አይወርድም፤ የሚገፋው ይፈልጋል። ጉንፋን ሲይዝ፣ አለርጂ ሲነሳ፣ ጭስ ሲበዛ ሽፋኑ ያብጥና ያቺ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነች መውጫ ትደፈናለች። ፀጉሮቹም ይደክማሉ። ፈሳሹ እዚያው ይተኛል፣ ይመግላል።

እዚህ አካባቢ ደግሞ ምክንያቱ አይጠፋም። የበጋው ንፋስ ያልተነጠፈውን መንገድ አንስቶ እቤታችን ያስገባዋል፤ ሲሚንቶና አሸዋ የማይራገፍበት ቀን የለም። እናቶቻችን በጋራ ማብሰያው በእንጨትና በባሕር ዛፍ ቅጠል እንጀራ ይጋግራሉ፤ ከሰዓት ደግሞ በሩን ዘግተው ዕጣን ያጨሳሉ። ዕጣን ይቅር አላልኩም! ቡናውን አፍሉ፣ ዕጣኑንም አጭሱ፤ መስኮቱን ግን ክፈቱ፤ ሕመምተኛዋን ከማጨሻው አጠገብ አታስቀምጧቸው።

ራስ ምታት ሁሉ ግን ሳይነስ አይደለም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ራስ ምታት ሁሉ ሳይነስ አይደለም። አፍንጫቸው ካልታፈነ፣ ንፍጥ ከሌለ፣ ማሽተት ካልቀነሰ፣ ራሳቸውን ብቻ የሚያማቸው ከሆነ መጀመሪያ ደም ግፊታቸውን አስለኩ፤ ማይግሬንም ሊሆን ይችላል። ለሰከንዶች ብቻ ጉንጭንና መንጋጋን ንዝር የሚያደርግ፣ ፊት ሲታጠቡ ወይም ሲያኝኩ የሚቀሰቀስ ሕመም ከሆነ ደግሞ የፊት ነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላልና ጥርስ ከማስነቀል በፊት ሐኪም ይየው። በዚህ ሕመም ጤነኛ ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ያስነቀሉ ሰዎች አሉ፤ ሕመሙ ግን አልሄደላቸውም፤ የነርቭ መድኃኒት ነበር የሚያስፈልጋቸው።

ሥር የሰደደ ሳይነስ የሚባለው 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ነው። ከአራቱ ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ ይኖራሉ፦ የአፍንጫ መታፈን፣ ከፊት ወይም በጉሮሮ በኩል የሚወርድ ወፍራም ንፍጥ፣ የፊት ክብደት ወይም ሕመም፣ የማሽተት መቀነስ። ከዚያ በኋላ በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ ወይም በሲቲ ስካን መረጋገጥ አለበት። ተራ ጉንፋን በ10 ቀን ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ንፍጡ ቢጫ ሆነ ብሎ ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን መግዛት ትርፉ ጀርሙን መድኃኒት ማላመድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ወደ ጥርሱ።

ከላይ ካሉት የፊት ጥርሶች መሐል ጀምራችሁ ወደ አንድ ወገን ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ... አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ላይ ስትደርሱ ቁሙ። የእነዚህ ጥርሶች ሥር ጫፍ የሚደርሰው የጉንጩ ሳይነስ ወለል ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው አጥንት በጣም ስስ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ አጥንት የሚባል ነገር የለም፣ ያ ስስ ሽፋን ብቻ ነው የሚለያቸው። ጥርሱ ተቦርቡሮ ነርቩ ሲሞት መግሉ በሥሩ ጫፍ ይጠራቀማል። ከዚያ ወዴት ይሂድ? ወደ ታች ቢመጣ ድድ ላይ ብጉር አውጥቶ ይፈነዳል፣ ይታያል። ወደ ላይ ከሄደ ሳይነሱ ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ ማንም አያየውም።

«ጥርሳቸውን አያማቸውም እኮ» ትሉኝ ይሆናል። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥርስ የሚያመው ነርቩ እስካለ ነው። ነርቩ ከሞተ ቀዝቃዛ ውኃም ትኩስ ሻይም አይሰማውም። ድሮ ያንን ጥርስ ለሳምንት አሟቸው ሌሊት ሲያንቆራጥጣቸው ከርሞ፣ ከዚያ «በራሱ ተሻለኝ» ያሉት ትዝ ይላችኋል? ጥርሱ አልዳነም፤ ሞቶ ነው ዝም ያለው። በዚያ ላይ መግሉ ወደ ሳይነሱ መፍሰሻ ስላገኘ ጥርሱ ሥር ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ሕመምም የለም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በሦስት ነገር ጠርጥሩ። በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ አንዱ ነው፤ ጉንፋንና አለርጂ ግራ ቀኙን አይመርጡም። ሁለተኛው ሽታው ነው። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ከጥርስ የሚመጣው መግል አየር በሌለበት የሚራቡ ጀርሞች ስላሉበት ይከረፋል፤ እናታችሁ «አፍንጫዬ ውስጥ የሞተ ነገር ይሸተኛል፣ አፌም ይመረኛል» ይላሉ፤ አጠገባቸው ያለ ሰው ላይሸተው ይችላል፤ እሳቸው ግን ይሸታቸዋል። «ቅዠት ነው» አትበሏቸው። ሦስተኛው፣ ከዚያው ወገን የላይኛው መንጋጋ ላይ የተቦረቦረ፣ የተሞላ፣ ሥሩ የታከመ፣ ዘውድ የሚሉት ሽፋን የተደረገለት ወይም በቅርቡ የተነቀለ ጥርስ መኖሩ ነው። ጎንበስ ሲሉ ጉንጫቸው የሚከብዳቸውም በዚያው ወገን ነው።

የተለመደውን መንገድ ልንገራችሁ። እናት ቀኝ አፍንጫቸው ይፈስሳል፣ ይሸታል። ፋርማሲ ሄደው አውግመንቲን ለሰባት ቀን ይወስዳሉ፤ ይሻላቸዋል። ወር ሳይሞላ ይመለሳል። አዚትሮማይሲን ይሰጣቸዋል፤ ይሻላቸዋል፤ ይመለሳል። «የአዲስ አበባ ብርድ ነው» ይባላሉ፤ አገር ቤት ይላካሉ፤ እዚያም ይመለስባቸዋል። በመጨረሻ ሲቲ ስካን ይነሳሉ፤ ውጤቱ «የቀኝ ጉንጭ ሳይነስ ሞልቷል» ይላል፤ ስለ ጥርሱ አንድ ቃል የለም። ፊልሙ ላይ የስድስተኛው ጥርስ ሥር ጫፍ ጠቁሮ፣ አጥንቱ ተበልቶ በግልጽ ይታያል! ያልተጻፈው ማንም ጥርሱን እይልኝ ስላላለ ነው። መድኃኒቱ ለምን አላዳናቸውም? በሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ደም ካልደረሰ መድኃኒትም አይደርስም። የፈሰሰውን ያደርቀዋል፣ ምንጩን አይነካውም።

ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትሄዱ እንዲህ በሉ፦ «ሕመሙ በአንድ ወገን ነው፣ ይሸታቸዋል፣ በዚያ ወገን የተሞላ ጥርስ አላቸው፤ ጥርሱ ከዚህ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ይታይልን።» ይህን ካላችሁ ሐኪሙ ወዴት እንደሚያይ ያውቃል። የጥርስ ሐኪሙ ጥርሶቹን በመስተዋቱ እጀታ ቀስ አድርጎ ይመታል፣ በብርድ ይፈትናል፣ በዚህ ወገን ያለውን ከዚያኛው ጋር ያስተያያል። ትንሿ የጥርስ ራጅ ብዙ ጊዜ ትረዳለች፤ ግን የላይኛው መንጋጋ ላይ የአጥንቶች ጥላ ስለሚደራረብ «ራጁ ደህና ነው» ማለት ጥርሱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ጥርጣሬው ካለ ሲቲ ያስፈልጋል። የሲቲ ማዘዣው ላይ «የላይኛው ጥርሶች ሥር ጭምር» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። ምስሉ ያለበትን ሲዲ ተቀበሉ፤ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

ሥሩ ታከመ የተባለ ጥርስም ነጻ አይደለም። የላይኛው ስድስተኛ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሥር አለው፤ ውስጡ ያለው ቦይ ግን ብዙ ጊዜ አራት ነው። አራተኛው ቀጭን ነው፣ ተደብቆ ይቀመጣል። ሦስቱ ታጥበው ተሞልተው አራተኛው ከተረሳ ጀርሙ እዚያ ይኖራል፤ ጥርሱ ዘውድ ደፍቶ ያብለጨልጫል፣ ሳይነሱ ይመግላል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አዳማ፣ መቂ፣ ዝዋይ አካባቢ ያደጉ ወላጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሊሆን ይችላል። ያ በልጅነታቸው ከጠጡት የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የመጣ ነው፤ ቀለሙ ብቻውን መበስበስ አይደለም። ቡናማ ነው ተብሎ ጥርስ አይነቀልም።

ሕክምናው ምንድን ነው? ጥርሱ የሚተርፍ ከሆነ የሥር ሕክምና፣ ሩት ካናል የምትሉት፤ የማይተርፍ ከሆነ መንቀል ነው። እዚህ ጋ ጥንቃቄው ይበዛል፤ ወላጆቻችን የስኳር፣ የግፊትና የልብ መድኃኒት ይወስዳሉና። ለጥርስ ሐኪሙ መድኃኒቶቹን በስም አታውሩለት፤ ፓኮቹን በፌስታል አድርጋችሁ ውሰዱለት። ግፊታቸው ከ180 በ110 በላይ ከሆነ ለቀጠሮ የሚቆይ ጥርስ በዚያ ቀን አይነቀልም። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ከሚወስዱ ቅርብ ቀን የተሠራ የአይኤንአር፣ ማለትም የደም መርጋት ምርመራ፣ ውጤት ይያዝ፤ ከ3.5 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ በስፌትና በጥጥ ደሙ እየተያዘ ብዙ ጊዜ ይነቀላል። አስፕሪንም ሆነ ዋርፋሪን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ የጥርስ ድድ መድማት ተጭኖ ይቆማል፣ ጭንቅላት ውስጥ የረጋ ደም ግን ተጭኖ አይፈታም። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላቸው ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት የሚወስዱት መከላከያ አለ፤ ፔኒሲሊን የማይቆጣቸው ከሆነ ለአዋቂ 2 ግራም አሞክሳሲሊን ነው፤ የሚያዘው ሐኪሙ ነው። ለአጥንት መሳሳት ኪኒን ወይም መርፌ የሚወስዱም አስቀድመው ይናገሩ፤ የተነቀለበት አጥንት ላይድን ይችላል።

ከላይ መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ወለሉ ስስ ስለሆነ አንዳንዴ አፍና ሳይነስ ይከፋፈታሉ። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ውኃ ሲጠጡ በአፍንጫቸው ይወጣል፤ አየር በተነቀለበት ቦታ ሽው ይላል። 2 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ቀዳዳ የረጋው ደም ካልተነካ በራሷ ትደፈናለች። ከዚያ ከፍ ያለው ስፌት ይፈልጋል፤ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ከድድ ወይም ከጉንጭ ሥጋ ተስቦ ይሸፈናል። «ቁስሉ ነው፣ ይደርቃል» ብላችሁ ወራት አታስቆጥሩት፤ ከቆየ ቀዳዳው የራሱን ቆዳ ያበጃል፣ ከዚያ ወዲያ አይገጥምም።

ከተነቀለ በኋላ ለሁለት ሳምንት፦ አፍንጫ በኃይል አይናፈጥም፤ ማስነጠስ ሲመጣ አፍ ተከፍቶ ይነጠሳል፤ በስትሮ አይጠጣም፤ ሲጋራ አይጨስም፤ ከባድ ነገር አይነሳም። አባቶችን የሚያስቸግረው ማስነጠሱ ነው፤ በጋቢ አፍና አፍንጫቸውን አፍነው ነው የሚያስነጥሱት። ግፊቱ ያንን ለጋ ቁስል ይበሳዋል። እየሰማችሁ ነው? ለአባቶች ንገሯቸው።

በነገራችን ላይ፣ ጥርሱ ተቦርቡሮ ለሚያመው ወላጅ ጥጥ በጋዝ ነክሮ ማስቀመጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ድድ ላይ ማሰር፣ አስፕሪን ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥለዋል፤ ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ በአንድ ሕመም ፋንታ ሁለት ይዛችሁ ትደርሳላችሁ። ዳማ ከሴ ጨምቆ አፍንጫ ውስጥ መጨመርም ይቅር። ባሕር ዛፍ አፍልቶ መታጠን ለጊዜው ይከፍታል፤ የፈላ ድስት ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው የሚታጠኑ አረጋውያን ግን ፊታቸውን ይቃጠላሉ። የዛሬ ምክሬ ከነዚህ ሁሉ የተሻለ ነውና ማስታወሻ ያላችሁ አውጡ። የጨው ውኃ እጥበት።

ውኃው ይፍላ። እንዴት ይፍላ? እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ93 አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። ውኃው በፈረቃ እየመጣ በጀሪካንና በሮቶ የሚከርም ነው፤ ስንጠጣው ጨጓራችን ብዙውን ጀርም ይገድላል፤ አፍንጫ ያን አያደርግም። የታሸገ ውኃም ቢሆን ይፍላ። ከድኖ ይቀዝቅዝ፣ ለብ እስኪል።

በአንድ ሊትር ውኃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ንጹሕና ደቃቅ ጨው፤ ማንኪያው በቢላዋ ጀርባ የተስተካከለ እንጂ የተቆለለ አይሁን። አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ብቻ ከሆነ ከግማሽ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ። የሚቆጠቁጣቸው ከሆነ በጣት ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት። ሶዳ ነው ያልኩት! ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ አረፋ ይነፋል። ጨው ሲበዛ ያቃጥላል፤ ጨው የሌለው ባዶ ውኃም ያቃጥላል። «አቃጠለኝ፣ ተውኩት» የሚሉት አብዛኛዎቹ ልኩን ስተው ነው። የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ።

ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፤ መርፌውን እዚያው አስቀሩት። እናት ሳፋ ላይ ያጎንብሱ፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ያዘንብሉ፣ አፋቸውን ከፍተው በአፍ ይተንፍሱ። የሲሪንጁ ጫፍ ከላይ ባለው አፍንጫ ቀዳዳ ይገባል፤ አቅጣጫው ወደ ጆሮ ነው እንጂ ወደ ግንባር አይደለም። ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ አታስቸኩሉት። ውኃው በሌላኛው ቀዳዳ ወይም በአፍ ይወጣል፤ ይተፋ፣ አይዋጥ። በአንድ ወገን ከ4 እስከ 5 ሲሪንጅ ይበቃል። ከዚያ ሁለቱንም ቀዳዳ ክፍት አድርገው ቀስ ብለው ይናፈጡ፤ አንዱን በጣት ደፍኖ መናፈጥ ውኃውን ወደ ጆሮ ይሰደዋል። ጠዋትና ማታ፤ ማታ ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ። ሲሪንጁ በተፈላ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ።

ማን አይታጠብ? ምግብ የሚያንቃቸው፣ በስትሮክ መዋጥ ያዳገታቸው፣ ጆሯቸውን ያመማቸው፣ አፍንጫቸው ጨርሶ የተደፈነ፣ በዚህ ሳምንት ከላይ ጥርስ የተነቀለላቸው።

የስቴሮይድ ስፕሬይ፣ ማለትም እብጠት የሚቀንስ የአፍንጫ መርጫ፣ ከታዘዘ ከእጥበቱ 15 ደቂቃ በኋላ ይነፋ። ለቀኝ አፍንጫ በግራ እጅ፣ ለግራው በቀኝ እጅ ይያዝ፤ እንዲህ ሲሆን ጫፉ ከመሐለኛው ግድግዳ ይርቃል። ግድግዳውን ሲመታ ነው ነስር የሚያመጣው። ውጤቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ተብሎ አይጣል። ወዲያው የሚከፍተው ጠብታ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከ5 ቀን በላይ አይወሰድ። ከዚያ በላይ ከሄደ አፍንጫው ያለ ጠብታው መከፈት ያቅተዋል፤ ግፊት ላለባቸውም አይመከርም።

ስለ ጥርስ ንጽሕና ብዙ አልልም፤ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የፊቱን ጥርስ ያጸዳና ኋላ ያለውን መንጋጋ አይደርስበትም፤ ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ብሩሽ ይጨመር። አምሎዲፒን ለግፊት የሚወስዱ ድዳቸው ሊያብጥ ይችላል፤ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ይወጣ፣ ውኃ ውስጥ ይደር። ስኳር ካልተስተካከለ ድድም ሳይነስም አይስተካከሉም።

ስለ ክፍያና ስለ መንገድ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ከዚያ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ካስፈለገ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሪፈር ይጻፍላችኋል። ደረጃውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ይዞራል። ሰው ሠራሽ ጥርስ መድኑ አይሸፍነውም፤ ሳትጠይቁ አታሠሩ።

የሚያስሮጡትን ልንገራችሁ፤ እነዚህ ቀጠሮ አይጠብቁም። ዓይን ዙሪያ እብጠት፣ ሁለት ሆኖ መታየት ወይም የዕይታ መቀነስ፤ ከትኩሳት ጋር ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር፣ መቀባዠር፤ ከአገጭ ሥር አብጦ መዋጥ ወይም መተንፈስ ማስቸገር። የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ፊታቸው ከደነዘዘ፣ አፍንጫቸው ወይም ላንቃቸው ላይ ጥቁር ቅርፊት ከታየ ደግሞ ፈንገስ ሊሆን ይችላልና በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለባቸው። 907 ደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ሌሎቹ አያስሮጡም ግን ሳምንት አይደርባቸው፦ በአንድ ወገን የሚደጋገም ነስር፣ የጉንጭ መደንዘዝ፣ ድዱ ደህና ሆኖ የሚነቃነቅ የላይኛው ጥርስ። ይህ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ናሙና ተወስዶ ይታይ።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። እሺ እማማ፣ እዚያ ጋ።

«እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ መድኃኒቱን በቀን ሦስቴ አለኝ።» እማማ፣ ይህን ለሐኪሙ ሲያዝ ይንገሩት፤ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ አማራጭ ብዙ ጊዜ አለ። ሜትሮኒዳዞል ከሆነ ግን ከመድኃኒቱ ጋር፣ ካለቀም በኋላ ለሦስት ቀን ጠላም ሆነ አረቄ አይቅመሱ፤ ዋርፋሪን ከወሰዱም ደምዎን በጣም ሊያቀጥነው ስለሚችል አስቀድመው ይናገሩ።

እሺ ወንድሜ። «ጥርሱ ከታከመ በኋላ ሳይነሱ መቼ ይድናል?» ሽታው በብዙዎች ላይ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ሽፋኑ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላ ሲቲ ይደገማል። ያን ጊዜም ሞልቶ ከተገኘ መውጫው ተደፍኖ ቀርቷል ማለት ነውና የአፍንጫ ሐኪሙ በኢንዶስኮፕ ይከፍተዋል። የድሮውንም የአዲሱንም ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚያያቸው።